ሮቦቷ ከዋይፋይ ጋር ስትጣላ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ዋይፋይ ባለው በኢኤስፒ32 ቦርድ፣ ሞተሮቹን በሚነዳው በኤል298ኤን ድራይቨርና በነዚያ ቢጫ ሞተሮች በስልክ የምትነዳ መኪና ለሠራችሁ ነው። ስታስቸግር እጃችን ቶሎ ወደ ኮዱ ይሮጣል። ኮዱን ለጊዜው ተዉት። ኤሌክትሪኩን ሳታዩ ኔትወርኩን አትንኩ፤ «ኔትወርክ» የሚመስለው ችግር ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው።

«ወደፊት» ስል ግንኙነቱ ይቆረጣል

ቆማ እያለች ሰላም ናት። ገጹ ይከፈታል፣ መብራቷም ይበራል። ልክ «ወደፊት» ስትሏት ነቅነቅ ትልና ቀጥ፤ ትንሽ ቆይታ ራሷ ተመልሳ ትገናኛለች። እዚህ ጋ ነው ሰው ራውተሩን መርገም የሚጀምረው። ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ማለትም ቦርዱ የሚልከውን መልእክት ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየውን መስኮት ክፈቱ። «ብራውንአውት ዲቴክተር ዋዝ ትሪገርድ» የሚል ካያችሁ ራውተሩ የለበትም፤ ቮልቴጅ ወርዶ ቦርዱ ሪሴት አድርጓል።

ሞተር ከቆመበት ሲነሳ የሚስበው ከረንት ዝም ብሎ ሲዞር ከሚስበው በጣም ይበልጣል። ቦርዱም ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት ብዙ ስለሚፈልግ ቢያንስ 500 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ምንጭ ይሻል። ሁለቱ ከአንድ ደካማ ባትሪ ሲሻሙ የሚሸነፈው ቦርዱ ነው። ያቺ አራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪማ ጭራሽ ለሞተር አትሆንም።

ሁለት 18650 የሚባሉ ቻርጅ የሚደረጉ ሊቲየም ባትሪዎች በተከታታይ አገናኙ፤ 7.4 ቮልት ይሆናል። ለቦርዱ ለብቻው ባክ ኮንቨርተር (ቮልቴጅ የሚቀንስ ትንሽ ሰሌዳ) ስጡት። መጀመሪያ ባትሪውን መግቢያው ላይ፣ ቴስተሩን መውጫው ላይ አድርጋችሁ፣ ቦርዱን ሳታገናኙ፣ 5 ቮልት እስኪያሳይ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቦርዱ የሚገባው። ግራውንዱ (የኔጌቲቩ መስመር) የባትሪውም፣ የድራይቨሩም፣ የቦርዱም አንድ ላይ ይታሰር፤ ይህ ከተረሳ ሞተሩ እንደፈለገ ነው የሚሆነው። ቦርዱ አጠገብ በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ፣ ኔጌቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ። በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግሮች ላይ ደግሞ «104» የተጻፈባትን ሴራሚክ ካፓሲተር በይዱ፤ የሞተሩን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ትውጣለች።

ብራውንአውት ዲቴክተሩን በኮድ አጥፉት የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ቮልቴጁ መውረዱን አይተውም፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው።

ሞተሩ ደከመ ካላችሁ ደግሞ ኤል298ኤን ራሱ ወደ 2 ቮልት እንደሚበላ አትርሱ። ቲቢ6612 በሚባለው ድራይቨር ብትቀይሩት ብዙ ይሻሻላል።

ጭራሽ አትገናኝም፣ ወይም ትናንት የሠራው አድራሻ ዛሬ አይከፍትም

ይሄ ቀላል ነው። ኢኤስፒ32 የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝም ካለው ስማቸውን ለዩትና ትክክለኛውን ስጧት። ከእንግዳ ዋይፋይ ጋር አታገናኟት፣ እዚያ ላይ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ እርስ በርስ አይተያዩም። አድራሻው የጠፋው መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከሆነ፣ ራውተሩ ሲነሳ ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሰጥቷታል፤ 192.168.1.7 የነበረችው 192.168.1.12 ሆናለች። አይፒ በሚታደልበት በራውተሩ የዲኤችሲፒ ገጽ ላይ ማክ አድራሻዋን (የቦርዷን የራሷን መለያ ቁጥር) ከአንድ አይፒ ጋር እሰሩት።

ትዕዛዙ እየዘገየ ከደረሰ የዋይፋዩን ስሊፕ (ባትሪ ለመቆጠብ ማሸለቡን) ከኮዱ አጥፉ። ባትሪ ትንሽ ይበላል፣ ግን ያዋጣል። ዋይፋይ ሲበራ ሴንሰሩ የማይሆን ቁጥር የሚያነብ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ኤዲሲ2 ከሚባለው፣ የሴንሰር ቮልቴጅ ከሚያነበው የፒን ቡድን ላይ ነው ያለው። እነዚያን ፒኖች ዋይፋዩ ይይዛቸዋል፤ ወደ 32፣ 33፣ 34 ወይም 35 አዙሩት።

ዋይፋይ ጠፍቶ እሷ ግን አትቆምም

አሁን ነው ኮዱ የሚነካው። የመጨረሻው ትዕዛዝ «ወደፊት» ከነበረ ግድግዳ እስክትመታ ትሄዳለች። ስልኩ ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ትዕዛዙን ደጋግሞ ይላክ፣ ቦርዱ ደግሞ ለ500 ሚሊሰከንድ ምንም ካልሰማ ሞተሩን ያቁም። ስትሞክሩት ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ ጣሳ ላይ አስቀምጧት፣ «ወደፊት»ን እንደያዛችሁ የስልኩን ዋይፋይ አጥፉ። ጎማው ካልቆመ እንዳታወርዷት።