ዲስኩ ሞልቷል ይላል፤ ቦታውን ማን በላው?

ሰርቨሩ ድንገት እምቢ ይላል። ዳታቤዙ መጻፍ ያቆማል፣ ሎጉ ደግሞ «ቦታ አልቀረም» በሚል መልዕክት ተሞልቷል። በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ፊቱ ያገኘውን ትልቅ ፋይል ማጥፋት ይጀምራል። ቆይ! መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ማጥፋት።

እዚህ ያለው ሁሉ ለሊኑክስ ነው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ፤ ትልቅ ፊደል ካላልኩ በቀር ሁሉም በትንሹ ነው።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ዲኤፍ እና ዲዩ የሚባሉት ትዕዛዞች ተመሳሳይ ነገር የሚነግሩን ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። ዲኤፍ የሚጠይቀው ፋይል ሲስተሙን (ዲስኩ ላይ ፋይሎችን የሚያደራጀውን) ራሱን ነው፦ ስንት ተያዘ፣ ስንት ቀረ? ዲዩ ግን ፎልደር ለፎልደር እየዞረ ያገኘውን ፋይል ይደምራል። ዞሮ ያላገኘውን አይቆጥርም። ስለዚህ የሁለቱ ቁጥር በጣም ሲራራቅ ፍንጩ ያለው እዚያው ልዩነቱ ውስጥ ነው።

ምልክት፦ ዲኤፍ 100% ይላል፣ ዲዩም ይስማማል

ዲኤፍ -ኤች

ሰንጠረዡ ሲወጣ መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የመጨረሻውን ዓምድ እዩ። የሞላው የትኛው ነው? /ቡት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተጠራቀመ የድሮ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ በ«ሱዱ አፕት አውቶሪሙቭ» ይነሳል (ሱዱ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ መብት ያስኬዳል)፤ በእጅ አትነካኩት። «ቲኤምፒኤፍኤስ» የሚሉት መስመሮች ሜሞሪ ላይ ያሉ ስለሆኑ የዲስኩን ሂሳብ አይመለከቱም።

የሞላው ሩቱ ( / )፣ ማለትም የፎልደሮቹ ሁሉ መነሻ ከሆነ፦

ሱዱ ዲዩ -ኤክስ -ኤች -ዲ 1 / | ሶርት -ኤች

-ኤክስ ወደ ሌላ ዲስክ እንዳይሻገር ይከለክለዋል። ከተዋችሁት በኔትዎርክ የተያያዘውን ሁሉ ሲቆጥር ያመሻል። ጠቅላላ ድምሩ መጨረሻው መስመር ላይ ይወጣል፤ ትልቁ ፎልደር ከእሱ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ/ ፈንታ እሱን ጽፋችሁ ድገሙት፤ /ቫር፣ ቀጥሎ /ቫር/ሎግ፣ እንዲህ እያላችሁ ውረዱ። ሱዱንም አትርሱ፤ ዲዩ ያልተፈቀደለትን ፎልደር መቁጠር አይችልም።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት በላተኞች የታወቁ ናቸው። የሲስተም ጆርናሉን በ«ጆርናልሲቲኤል --ዲስክ-ዩሴጅ» እዩት። ካበጠ «ሱዱ ጆርናልሲቲኤል --ቫኪዩም-ሳይዝ=200ኤም» (ኤሙ ትልቅ ፊደል) አሮጌውን ይቀንሰዋል። የወረዱ ፓኬጆችን «ሱዱ አፕት ክሊን» ያጸዳል። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ለይቶ የሚያስኬደው) ካላችሁ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» የያዘውን ያሳያችኋል። «ዶከር ሲስተም ፕሩን» ግን የቆሙ ኮንቴይነሮችንም ጠራርጎ ስለሚወስድ ከመስማማታችሁ በፊት የሚያሳያችሁን ማስጠንቀቂያ አንብቡ።

ምልክት፦ ፋይሉን አጠፋችሁ፣ ቦታው ግን አልተመለሰም

ብዙ ሰው የሚያደናግረው ይሄኛው ነው። ዲኤፍ 40 ጊጋ ተይዟል ይላል፣ ዲዩ ቢደምር ቢደምር 12 ጊጋ ብቻ ያገኛል። 28ቱ የት ገባ?

ሊኑክስ ላይ ፋይል ማጥፋት ማለት ስሙን ከፎልደሩ ማንሳት ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ካለ፣ ያ ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ዳታው ዲስኩ ላይ ይቆያል። ስም ስለሌለው ዲዩ አያየውም፤ ዲኤፍ ግን ይቆጥረዋል። ሎግ በእጃቸው የሚያጠፉ ሰዎች እዚህ ጉድ ውስጥ ይገባሉ።

ሱዱ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1

ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ያለው ኤል ትልቅ ፊደል ነው። ስማቸው ጠፍቶ ገና የተያዙ ፋይሎችን ይዘረዝራል፦ የያዛቸው ፕሮግራም፣ የፕሮሰስ ቁጥሩ፣ መጠናቸው። ጊጋ የሚያህለውን ፈልጉና አገልግሎቱን ሪስታርት አድርጉት። ቦታው ወዲያው ይመለሳል።

ሪስታርት የማይደረግ ከሆነስ? ዝርዝሩ ላይ የፕሮሰስ ቁጥሩ 1834፣ የኤፍዲ ዓምዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ 4 ቢሆን እንዲህ ይባላል፦

ሱዱ ትራንኬት -ኤስ 0 /ፕሮክ/1834/ኤፍዲ/4

ይሄ የፋይሉን ይዘት ባዶ ያደርገዋል፤ ፕሮግራሙም አይቆምም። ለሎግ ብቻ! የዳታቤዝ ፋይል ላይ ከሞከራችሁት መመለሻ የለውም።

ኤልኤስኦኤፍ ምንም ካላሳየ ሌላ መደበቂያ አለ። ዲስክ ሳይያያዝበት በፊት ፎልደሩ ውስጥ የተጻፉ ፋይሎች፣ ዲስኩ ሲያያዝ ከሥሩ ይሸፈናሉ። ባክአፕ ዲስኩ ያልተያያዘ ዕለት ባክአፑ ሩቱ ላይ ሲጻፍ ለምሳሌ። ባዶ ፎልደር ፈጥራችሁ «ሱዱ ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ/ሩት» ብትሉ በዚያ በኩል የተሸፈነውን ታዩታላችሁ።

ምልክት፦ ባዶ ቦታ ሞልቶ ተርፏል፣ ፋይል ግን አይፈጠርም

ዲኤፍ -አይ

እዚህ 100% ካያችሁ ያለቀው አይኖድ ነው፤ ፋይል ሲስተሙ ለየፋይሉ የሚይዘው መዝገብ። እያንዳንዱ ፋይል፣ ባዶም ቢሆን፣ አንድ አይኖድ ይይዛል። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ቁጥሩ የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው፤ ነባሪው በየ16 ኪሎባይቱ አንድ ነው። ሚሊዮን ጥቃቅን የሴሽን ወይም የካሽ ፋይል ሲጠራቀም ጊጋው ሳይነካ አይኖዱ ያልቃል። የት እንደተከማቹ «ሱዱ ዲዩ --አይኖድስ -ኤክስ -ዲ 1 / | ሶርት -ኤን» ይነግራችኋል።

ለማጥፋት በኮከብ ምልክት ብትሞክሩ ዝርዝሩ ረዘመብኝ ብሎ ይመልሳችኋል። ፋይንድን ተጠቀሙ፦

ፋይንድ /የፎልደሩ/መንገድ -ታይፕ ኤፍ -ኤምታይም +7 -ዲሊት

-ኤምታይም +7 ከሰባት ቀን በላይ ያልተቀየረውን ብቻ ይመርጣል። መጀመሪያ ያለ -ዲሊት አስኪዱትና ዝርዝሩን እዩ። -ዲሊት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ፋይንድ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፤ ከፊት ካስቀደማችሁት ማጣሪያው ሳይደርስ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ምልክት፦ ሂሳቡ አይገጥምም

ከጠቅላላው የተያዘውን ስትቀንሱ የሚወጣው፣ ዲኤፍ «የቀረ» ከሚለው ይበልጣል። ብልሽት አይደለም። ኤክስት4 በነባሪ 5% ለሩት ተጠቃሚ (ለአስተዳዳሪው) ያስቀምጣል፤ ዲስኩ ቢሞላም ሲስተሙ እንዲተነፍስ። 1 ቴራ ላይ 50 ጊጋ መሆኑ ነው። ዳታ ብቻ የሚቀመጥበት ዲስክ ከሆነ «ሱዱ ቱን2ኤፍኤስ -ኤም 1» ብላችሁ፣ ቀጥላችሁ ዲኤፍ በመጀመሪያው ዓምድ የሚያሳየውን የዲስክ ስም ስጡት። ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ግን እንዳለ ተዉት።