ካቴና ቀይራችሁ ሳይክሉ ሲጮህ የምትሠሯቸው ስህተቶች

"አዲስ ካቴና አስገባሁ፣ ሳይክሌ ግን ከድሮው ባሰበት" እያለ የሚመጣ ሰው በዝቶብኛል፣ እና ሁሉም ማለት ይቻላል እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ያንኑ አንድ ነገር አድርጎ ነው የሚመጣው፣ ዘይት አፍስሶበት። ኧረ ተዉ! አዲስ ካቴና ከፋብሪካ ሲወጣ ግራሶ ጠጥቶ ነው የሚወጣው፣ ትናንት የገባ ካቴና ደርቆ አይጮህም። ከባጃጅ የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት የሚያፈሱበት ደግሞ አሉ። እዚህ ጎንደር በበጋ የአዘዞን አቧራ እያነሳችሁ ስትነዱ ያ ዘይት ከአሸዋው ጋር ተለውሶ ካቴናውንም ጥርሱንም (ካቴናው የሚዞርበትን ባለጥርስ ብረት) የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ግራሶውን በቤንዚን አጥቦ ማስገባትም ያው ጥፋት ነው፣ ውጭ ውጭውን በጨርቅ ጠርጉትና ንዱ።

ሁለተኛው ስህተት ድምፁ መቼ መቼ እንደሚመጣ ሳይሰሙ መፍታት መጀመር ነው። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ትንሽ ንዱትና አዳምጡ። ከፒያሳ ቁልቁል ለቃችሁት፣ ፔዳል ሳትመቱ፣ ከፍሪዊሉ (ከኋላ ጎማ ላይ ካለው የጥርሶቹ ስብስብ) የተለመደ ትርትርታ ሌላ የሚፋጭ ነገር ከተሰማ ካቴናውን ተዉት፣ ጎማ ወይ ፍሬን ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎማውን አውልቃችሁ ስትመልሱ አዛብታችሁ አስራችሁታል። ፔዳሉ አንዴ በዞረ ቁጥር አንዴ "ቋ" ካለ ፔዳሉ፣ ክንዱ ወይ መሀል ያለው ኩሽኔታ ነው። ሁለት ተኩል ሦስቴ ዞሮ አንዴ ብቻ ካለ ግን ካቴናው ራሱ ነው፣ ምክንያቱም 110 ምናምን ቀለበት ያለው ካቴና 40 ጥርስ አካባቢ ባለው የፊት ጥርስ ላይ ሙሉ ዙር ለመጨረስ ያን ያህል ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አንድ ቀለበት ደርቋል፣ አልታጠፍም ብሏል ማለት ነው። ፔዳሉን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አዙሩና ከኋላ ታች ያሉትን ሁለት ፑሌጃዎች፣ ካቴናው የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ተሽከርካሪዎች፣ እዩ፣ የደረቀው ቀለበት እዛ ሲደርስ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ዘሎ ያልፋል። ግራና ቀኙን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዲህ ወዲያ ስትሉት ይላቀቃል።

ይሄ የሚመጣው በብዛት ፒኑን በሚስማርና በመዶሻ ስለምታስገቡት ነው። ፒኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ ብሎ ከቀረ ወይ ይደርቃል ወይ የማርሹን ብረት፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረውን፣ እየጫረ ይዞራል። ማስገቢያው መሣሪያ ከሌላችሁ ያለው ሰው ጋ ሂዱ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የኋላውን ጥርስ ሳያዩ ካቴና ብቻ መቀየር! አንድ ልጅ ቅዳሜ ገበያ ካቴና ገዝቶ አስገባ፣ ከአዘዞ ወደ ላይ ዳገቱን ሲይዝና ቆሞ ሲረግጠው ካቴናው "ቀጭ!" ብሎ ዘለለበት፣ በደረቱ መሪው ላይ ወደቀ። ሄዶ ከነጋዴው ጋር ተጣላ፣ ሌላ ካቴና ተቀበለ፣ ያውም ዘለለ። ከዛ "ጋሼ፣ ይሄም ፎርጅድ ነው" ብሎ መጣ። ሳይክሉን ገልብጬ ጥርሱን አሳየሁት። ሁልጊዜ የሚነዳበት ሦስተኛው ጥርስ ጫፍ ጫፉ ሹል ሆኖ ወደ አንድ ጎን ተቆልምሟል፣ አጠገቡ ያሉት ትልልቆቹ ግን ገና ቀለማቸው እንኳ አልለቀቀም። ልጁ ሁለት ካቴና ሲያማ የከረመው ለዚች አንዲት ጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቴና "ረዘመ" ስንል ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፣ በየፒኑ ውስጥ ያለው ብረት ተበልቶ ክፍተት ሲፈጠር ነው። አዲስ ሲሆን ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ ይሄ ርቀት ይሰፋል፣ ጥርሱም አብሮ ይበላና ለእሱ ልክ ይሆናል። አሮጌ ካቴናና አሮጌ ጥርስ ባልና ሚስት ካንድ ባህር ይቀዳል እንደሚባለው ናቸው፣ አብረው ተበልተው ሳይጮሁ ይኖራሉ። አዲሱ ሲገባ ርቀቱ ልክ 12.7 ነው፣ ጥርሱ ደግሞ ሰፍቷል፣ ስለዚህ ሸክሙን ከጥርሱ ጫፎች አንድ ሁለቱ ብቻ ይይዙታል፣ ሲረገጥ ይዘላል። የሚጮኸው አዲሱ ነው፣ ጥፋቱ ግን የአሮጌው ነው።

እና ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ! የአናጺ ሜትሮ በአንዱ ጠርዝ ኢንች አለው። ካቴናውን ወጠር አድርጋችሁ አንዱ ፒን መሀል ላይ ዜሮውን ያዙና 24 ፒን ቁጠሩ፣ 24ኛው ልክ 12 ኢንች ላይ ካረፈ ደህና ነው። አንድ ሚሊ ተኩል ካለፈ ቀይሩት፣ ጥርሱን አድናችኋል። ሦስት ሚሊ ካለፈ ጥርሱም ሄዷል፣ እና ለጥርስ የሚሆን ብር አሁን ከሌላችሁ እኔ የምለው አሮጌውን ካቴና መልሳችሁ አስገቡና እስኪያልቅ ንዱት፣ ከዛ ሁለቱንም ባንዴ ቀይሩ። አዲሱን በተበላ ጥርስ ላይ ማስጨረስ ብር ማቃጠል ነው። ጥርሱን ስታወጡም በመሮና በመዶሻ አትምቱት፣ ፍሪዊል የራሱ መፍቻ አለው።

ስፋቱን አለማየት ሌላው ነው። ማርሽ የሌለው የድሮ ሳይክል ካቴና ውስጡ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የባለማርሹ 2.4 ወይ ከዚያ ትንሽ ያነሰ። ሰፊውን ባለማርሽ ላይ ካስገባችሁት ጎን ያለውን ጥርስ ሲፈጭ ይውላል። ባለማርሽም ቢሆን የ8 እና የ10 ማርሽ ካቴና በውጭ ስፋቱ ይለያል፣ "የማውንቴን ስጠኝ" ብሎ መግዛት አይበቃም፣ የኋላ ጥርሶቹን ቆጥራችሁ ሂዱ።

ርዝመቱን አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ዘርግታችሁ አትቁረጡ። አሮጌው ተበልቶ ስለረዘመ ሙሉው ላይ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ያሳስታችኋል፣ አንድ ቀለበት ማለት ነው። ቀለበቱን ቁጠሩ።

ድምፁ በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ የማርሹን ገመድ ማስተካከያ ሩብ ዙር ወዲህ ወይ ወዲያ አድርጉና ሞክሩ። የማርሹ ብረት ላይ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች ለምን እንደምትነኳቸው አይገባኝም፣ እነሱ ካቴናው ከጥርሱ እንዳይወጣ የሚገድቡ ናቸው፣ ድምፅ አያጠፉም። አዛብታችኋቸው ካቴናው ዳገት መሀል ወደ ጎማው ሽቦ ቢገባ ድምፁን ትናፍቁታላችሁ።

ማርሽ በሌለው ሳይክል ላይ መጋጠሚያዋን የምትይዘው ትንሿ ክሊፕ የተዘጋ ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። በተቃራኒው ከገባች አንድ ነገር ነክቷት ትወልቃለች።

የመጨረሻው በጣም የምወደው ነው፣ ምክንያቱም ጎበዞቹን ነው የሚይዘው። ዩቱብ አይቶ ሁሉንም በሥርዓት የሠራ አንድ የማራኪ ተማሪ መጣ፣ ጥርስ አዲስ፣ ካቴና አዲስ፣ ልክ የተቆረጠ፣ ግን በሁሉም ማርሽ ላይ ሳያቋርጥ "ጭርርር" ይላል። ልጁ ኩሽኔታ ሊቀይር ብር ይዟል። ከኋላ ሁለቱ ፑሌጃዎች መሀል አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች፣ ካቴናው ከውስጧ ነው ማለፍ ያለበት፣ እሱ በውጭ አሳልፎታል። ምላሷ ላይ የሚያብረቀርቅ ቦይ ተቆፍሯል። ማርሹ ይቀያየራል፣ ሳይክሉ ይሄዳል፣ ስለዚህ ማንም እዛ አያይም። መጋጠሚያውን ፈቶ በትክክሉ መንገድ አሳልፎ መልሶ መግጠም ነው፣ የኩሽኔታውን ብር ኪሱ መልሶ ሄደ።