ለታካሚ የዛፍ ጥላ እንዴት ይታዘዛል?

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የስኳር፣ የደም ግፊትና የድብርት ታካሚዎችን እከታተላለሁ። «ወጣ ብለው ነፋስ ይቀበሉ» የሚለውን ምክር ሁላችንም የጤና ባለሙያዎች እንሰጣለን። ታካሚው ግን ከበር ሳይወጣ ይረሳዋል። ኪኒኑ ስም፣ መጠንና ሰዓት አለው፤ ምክራችን አንዱም የለውም። እንግዲያው እንደ ኪኒኑ አድርገን እንጻፈው።

መጠኑን በተመለከተ መነሻ የሚሆን ቁጥር አለ። እንግሊዝ አገር ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይዞ የተሠራ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ዛፍና ሣር ባለበት የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ስሜታቸውም የተሻለ እንደሆነ ተናግረዋል። ሰዓቱ ባንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ይህ «ዛፉ አዳናቸው» ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ድሮም ቢሆን ብዙ ይወጣል። እኔ ግን 120ውን እንደ ግብ፣ 20 ደቂቃን እንደ መጀመሪያ እይዘዋለሁ።

ቦታውን እናንተ አትምረጡ፤ ጠይቁ። «እማማ፣ ሰፈርዎ ጥላ ያለው የት ነው?» ስል መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሌላ የት አለ?» በጣም ጥሩ! ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ክፍያ የለም፣ እሳቸውም ቀድሞውኑ ለመሳለም ይሄዳሉ። ከተሳለሙ በኋላ 20 ደቂቃ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ብቻ ነው የሚጨመረው። ለሌላው ታካሚ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይሆናል፤ መኪናው ሳይበዛ፣ በማለዳ። ወዳጅነት ፓርክ ያምራል፣ መግቢያው ግን ይከፈልበታል። ለመድኃኒት የሚቸገርን ሰው ወደዚያ አልክም። እንጦጦም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው። ልቡ ለደከመ ወይም ለሚያፍነው ሰው አላዝም።

ዳገቱንም አስቡ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ መንገዱ ሽቅብ ነው። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ መውረድ ይቀላል፤ መመለሻው ግን ጉልበት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ አልጽፍም፤ ፋርማሲ ወስደው ሰልፍ እንዳይዙበት። ከቀጠሮ ካርዱ ጀርባ እጽፋለሁ፤ ካርዱን መቼም አይጥሉትም። እንዲህ ይላል፦ «ሥላሴ ግቢ፣ ከዛፍ ሥር። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ጠዋት ከ2:00 እስከ 2:20። ለአንድ ወር።» ከሥሩ እፈርማለሁ። ማንበብ ለማይችል አንብቤ፣ መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ።

ይህ ፊርማ ከምታስቡት በላይ ይሠራል። ቤት ሙሉ ሰው የምታስተዳድር እናት ለራሷ ብላ መውጣት ይከብዳታል። «ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» የሚል አይጠፋም። ካርዱን አውጥታ «ታዞልኝ ነው» ስትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዲያውም ልጆቹ ራሳቸው «እማዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» ማለት ይጀምራሉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን የሚወስደውን መድኃኒት ተመልከቱ። ላዚክስ የተባለውን የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። ሽንት ቤት የሌለበት ቦታ ካዘዛችሁለት አይሄድም፤ ምክንያቱንም አፍሮ አይነግራችሁም። እናንተው ጠይቁት። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ እንዳይወርድበት ቁርስ ሳይበላ አይውጣ፣ ከረሜላም በኪሱ ይያዝ። የሚጾም ከሆነ ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ለብቻው ተነጋገሩ፤ የመውጫ ሰዓቱንም ከተመገበ በኋላ አድርጉለት። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ታካሚ በነጠላ ጫማ አይሂድ። አስም ያለበት ከታክሲ ተራ ጭስ ይራቅ፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት (ኢንሄለሩን) ይያዝ። ጎህ ሳይቀድ መውጣትም አልመክርም፤ ውሾቹ ያኔ ይበዛሉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ይሻላል።

ድብርት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን በግልጽ ሳትጠይቁ ማንንም በእግር ጉዞ አትሸኙ። ካለ ብቻውን አይሄድም፤ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሕክምና ይላካል። ከዚያ ውጭ ላለው ደግሞ ማዘዣው የመድኃኒቱ ተጨማሪ እንጂ ምትክ እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሩ። የደም ግፊት ታካሚዎችም እንዲሁ፤ ትንሽ ሲሻላቸው ኪኒን ማቆም ይወዳሉ።

ከቤት መውጣት የማይችሉም አሉ። ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 46 ታካሚዎች መካከል፣ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም አልጋን ወደ መስኮት ማዞር ምንም አያስወጣም። ኮንዶሚኒየም ላሉ አሮጊት ደግሞ በረንዳ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳ ይተከል። ውኃ የማጠጣቱ ሥራ የእሳቸው ይሁን፤ ልጆቹ አይቀሟቸው።

በቀጠሮ ቀን ከሁሉ በፊት ካርዱን አገላብጡት። በሄዱበት ቀን ምልክት እንዲያደርጉ ካስለመዳችኋቸው ሁሉም ነገር እዚያ ላይ አለ። ከሄዱ ደቂቃውን በዝግታ ወደ 120 አሳድጉ። ካልሄዱ አትቆጡ፤ ቦታው ነው ወይስ ሰዓቱ ብላችሁ ጠይቁና ቀይሩት። ብዙ ጊዜ መልሱ «ብቻዬን ምን ብዬ» ነው። ያኔ የአንድ ሰፈር ሁለት ታካሚዎችን፣ ሁለቱንም አስፈቅጄ፣ አስተዋውቃቸዋለሁ። ምን እንደሚያማቸው ግን ከእኔ አፍ አይወጣም፤ ከፈለጉ እነሱ ይጫወቱት።