ክዳኑን ሳትከፍቱ መዝኑ፦ ኬሚካዊ ለውጥን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ማስተማር

ኬሚካዊ ለውጥን ሳስተምር ቀመር የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆቹን የሚያስቸግራቸው ቀመሩ ሳይሆን የተቃጠለ ወረቀት ወይም አየር ላይ የወጣ ጋዝ "ጠፋ" የሚለው እምነት ነው። እሱ ካልተነካ ቀመር ማመጣጠን ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል።

እስከ 0.1 ግራም የሚለይ፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ተዋሱ። በግማሽ ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ ጨምሩ። 1 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በሶፍት ጠቅልሉ። ጠርሙሱን፣ ክዳኑንና ጥቅሏን አንድ ላይ መዝናችሁ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ጥቅሏን ከተታችሁ ወዲያው ክዳኑን አጥብቁ። ሲንተከተክ ቆይቶ ጸጥ ሲል ልጆቹ ጠርሙሱን ይጫኑት፤ ጠጥሮ ያገኙታል።

መልሳችሁ ከመመዘናችሁ በፊት ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፦ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ እኩል ይሆናል? ይህን አትዝለሉት። ያልገመተ ልጅ ውጤቱ አያስደንቀውም።

ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና እንደገና መዝኑ፤ በጥቂቱ ይቀንሳል። "የጎደለው የት ሄደ?" ብላችሁ ዝም በሉ። ፍስስ ሲል የሰሙት ጋዝ ክብደት እንዳለው ራሳቸው ይደርሱበታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቆርቆሮን በታሸገ ዕቃ አግሎ የመዘነው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ብዙ መምህራን በጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ ያስራሉ። ለማየት ያምራል፤ ለመመዘን ግን አልመክረውም። የተነፋ ፊኛ በዙሪያው ያለውን አየር ስለሚገፋ ሚዛኑ በ1 ሊትር 1.2 ግራም ያህል አሳንሶ ያሳያል፤ ልጆቹም "ይኸው ጠፋ" ይላሉ።

ጥንቃቄ፦ ከ1 ግራም በላይ ሶዳ አትጨምሩ፤ ብርጭቆ ጠርሙስም አትዝጉ። በረኪና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ጠረጴዛው አጠገብ እንዳይደርስ። ደግሞም አረፋ ብቻውን የኬሚካዊ ለውጥ ማስረጃ አይደለም፤ የሚፈላ ውሃም አረፋ አለው፣ ግን ያው ውሃ ነው።

በማግስቱ አተሞችን የሚወክሉ፣ በሁለት ዓይነት ቀለም የተለዩ ቆርኪዎች አከፋፍሉ፦ ለእያንዳንዱ ቡድን 4 ሃይድሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ሃይድሮጅኑንም ኦክስጅኑንም ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጀምሩና ውሃ ይሥሩ፤ ቆርኪ መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው። 2 ውሃ ሠርተው ምንም ሳይተርፋቸው ሲያዩ፣ ቀመሩን ያኔ ሰሌዳው ላይ ጻፉ።