ላንድ ክሩዘር 100፦ ጎማው ሲተልቅ፣ ጭነቱ ሲበዛ ሰስፔንሽኑ ለምን ያስቸግራል?

ወደ ዳናኪል ከመውጣቴ በፊት ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ብዬ መኪናውንም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አስደረግሁት። አዋሽ ሳልደርስ ወገቤ አለቀ። በየጉድጓዱ ሞላ እንደሌለው መኪና ይመታኛል። ስመለስ ያሳየሁት ጋራዥ «ይሄን ኮተት አውጥተህ ጣለው፣ ተራ ሞላና አሞርዛተር እናስገባልህ» አለኝ። ያኔም አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ሰስፔንሽን አልተበላሸም ነበር። ከአቅሙ በላይ ተጭኖት ነው።

ኤ ኤች ሲ (የመኪናውን ከፍታ ራሱ የሚያስተካክል) የሚባለው ይህ ሰስፔንሽን በአንዳንድ ላንድ ክሩዘር 100ዎችና በሌክሰስ ኤል ኤክስ 470 ላይ ይገኛል። ክብደቱን ብረትና ዘይት ይካፈሉታል። ብረቱ ከፊት ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ)፣ ከኋላ ሞላ ነው። የቀረውን በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ይሸከማል። በየጎማው በኩል ደግሞ አንዳንድ የናይትሮጅን ኳስ አለ። መኪናው ምቾት የሚሰጠው በዚያ ጋዝ ነው። ኮምፒውተሩ የሚከተለው ከፍታን ነው። ሴንሰሩ «ዝቅ ብሏል» ካለው ዘይት ይጨምራል። ጭነቱ ብረቱ ላይ ይረፍ ዘይቱ ላይ፣ ከውጭ ስታዩት መኪናው ያው ነው። ልዩነቱን የምታውቁት ግፊቱን በዲያግኖስቲክ ማሽን ስታስነብቡ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ከፍ ካደረግነው በኋላ ደረቀ፣ ይመታል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፊቱ ግፊት ነው። ከፍ የሚደረገው የሴንሰሩን ቦታ በማንቀሳቀስ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን መኪናው ከፍ ሲል ቶርሽን ባሩ ይላላል። እሱ የተወውን ክብደት ዘይቱ ይወስዳል። የናይትሮጅኑ ጋዝም ይታመቅና ስፕሪንግነቱ ይደርቃል።

መኪናው ኤን (መደበኛው ከፍታ) ላይ ቆሞ ግፊቱ ይነበብ። የፊቱ 6.9 ሜጋፓስካል አካባቢ መሆን አለበት፣ ከ6.4 እስከ 7.4 ድረስ ችግር የለውም። የኋላው ከ5.6 እስከ 6.7 ነው። የእኔ የፊቱ 8 ነበር።

መፍትሄው ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ ነው። ኤ ኤች ሲው ኦፍ ይደረግ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ይነሱ። የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ብሎን አጽድታችሁ ቅባት ቀቡት። ሁለቱንም ጎን እኩል አዙሩ። አንድ ሙሉ ዙር ግፊቱን ወደ 0.2 ሜጋፓስካል ያህል ይቀንሳል። እኔ አራት ዙር አዞርኩና 7.2 ገባልኝ። ሞተሩን አስነስታችሁ ኤን ላይ ስትመልሱት ከፍታው ንቅንቅ አይልም። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ «አልሠራም» ብሎ መልሶ ያላላዋል። ሠርቷል! ከፍታው በሴንሰሩ የተያዘ ነው፤ የተቀየረው ተሸካሚው ነው። ከዚያ አላይመንት ይሠራ፣ አለዚያ አዲሱን ጎማ ባንድ ጎኑ ይበላባችኋል።

ከፍታውን ስትለኩ ከመሬት አትነሱ፣ ጎማው ይሸውዳችኋል። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። የፋብሪካው ከፊት 50፣ ከኋላ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ምልክት፦ ሲጫን ኋላው አይነሳም፣ ኤች አይ (ከፍተኛው ከፍታ) ይከለክላል

አራት ጄሪካን ናፍጣ ብቻ ወደ 70 ኪሎ ነው። ውሃ፣ ድንኳን፣ ትርፍ ጎማና ሦስት ሰው ስትጨምሩ ሃያ ዓመት የሠራው የኋላ ሞላ አይችለውም። የኋላው ግፊት ያሻቅባል፣ ሲስተሙም ራሱን ለመጠበቅ መነሳት እምቢ ይላል። ፓምፑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትሩጡ። መጀመሪያ ዕቃውን አውርዳችሁ ሞክሩት። ባዶውን ከተነሳ የደከመው ሞላው ነው።

ሁልጊዜ የምትጭኑ ከሆነ ጠንከር ያለ ሞላ አስገቡ። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ግን ሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ይሻላል፤ ስትጭኑ ትነፉታላችሁ፣ ስታወርዱ ታስተነፍሱታላችሁ። ለጭነት የተሠራ ሞላ ገጥሞ ከተማ ውስጥ ባዶውን መንዳት አልመክርም። ግፊቱ ከልኩ በታች ይወርድና ኋላው ኮረኮንች ላይ ይዘላል።

ምልክት፦ ግፊቱ ልክ ነው፣ አሁንም ይመታል

እንግዲህ ኳሶቹ ናቸው። ናይትሮጅኑ ከዓመታት በኋላ ቀስ እያለ ያልቃል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው የዘይት ታንክ ላይ መስመሮች አሉ። መኪናውን ኤል ኦ (ዝቅተኛው ከፍታ) ላይ አድርጋችሁ ዘይቱ የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፣ ወደ ኤች አይ አንሱትና እንደገና እዩ። አዲስ ኳስ ካለው ልዩነቱ 14 መስመር አካባቢ ነው። 7 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኳሶቹ አብቅተዋል፣ አራቱንም ቀይሩ። የምትጨምሩት ዘይት ቶዮታ ለኤ ኤች ሲ ያዘጋጀው ብቻ ይሁን። የመሪ ዘይት «ያው ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ምልክት፦ ጎማው ይነካካል

275/70 አር 16ን በ285/75 አር 16 ስትቀይሩ ጎማው በቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፣ መኪናውን የሚያነሳው ግን በግማሹ ብቻ ነው። የሚነካው መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ወይም ኤል ኦ ላይ ሲሆን ነው። የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ወደ ኋላ ገፍቶ ማሰር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፍጥነት መለኪያውም ይሳሳታል። 100 ሲያሳያችሁ በእውነቱ 105 እየሄዳችሁ ነው።

ምልክት፦ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ

ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁማችሁ አራቱንም ለኩ። የኋላው ቢያዘነብልም ማስተካከያው ከፊት ነው፤ ዝቅ ባለው በኩል ያለውን ቶርሽን ባር ትንሽ አጥብቁ፣ የሌላውን ትንሽ አላሉ።

ጎማ ለመቀየር ጎሚስታ ስትሄዱ ክሪክ ከመግባቱ በፊት ኤ ኤች ሲውን ኦፍ አድርጉና ሞተሩን አጥፉ፤ ሠራተኛውንም ንገሩት። የዘይት ቧንቧ የሚፈታ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ግፊቱ በማስተንፈሻው ይለቀቅ። በዚያ ግፊት የሚፈናጠቅ ዘይት ቆዳ ይበሳል።