የአርበኞቻችሁን ስም ድንጋይ ላይ ከማስቀረጻችሁ በፊት

ድንጋዩን መጨረሻ ላይ ግዙ። እኛ ሰሜን ሸዋ ባለችው ትንሽ ከተማችን የአርበኞች መታሰቢያ ልናቆም ስንነሳ መጀመሪያ የገዛነው ድንጋዩን ነበር። ስም ስንለቅም ዓመት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናንተ በደብተር ጀምሩ።

ከ1928 እስከ 1933 ጣልያንን የተዋጉትን ዛሬ በሕይወት ማግኘት ከባድ ነው። የምታገኙት ልጆቻቸውን ነው፤ እነሱም አርጅተዋል። ቤታቸው ስትገቡ «አባትዎ አርበኛ ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አዎ» ይሏችኋል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። «በጣልያን ጊዜ የት ነበራችሁ? ስንቅ ማን ያደርስ ነበር?» በሉ። እንዲህ ብዬ የጠየቅኳቸው አንዲት እናት ስለ አባታቸው ሊያወሩኝ ተቀምጠው ስለ እናታቸው አወሩኝ። ጥይቱን አቁማዳ ውስጥ፣ ከበሶው ሥር ቀብረው በኬላ ያሳልፉ ነበር። የእኚያ ሴት ስም ማንም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የውስጥ አርበኞችን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ እናንተ ካልጠየቃችሁ የሚያነሳቸው የለም።

ዓመተ ምሕረት ብዙ ሰው አያስታውስም። «ከየካቲት 12 በፊት ነው በኋላ?» ብትሉ ይቀላል፤ የ1929ኙ የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ከልብ አይወጣም። የአርበኝነት ሜዳሊያ ካለ ደግሞ ጥብጣቡ ላይ ያሉትን ዘንባባዎች ቁጠሩ። አንዱ ዘንባባ የአንድ ዓመት ተጋድሎ ነው።

ጭቅጭቅ ይነሳል። መጀመሪያ ባንዳ ሆኖ ኋላ ጫካ የገባ ሰው አለ። ገንዘብ አዋጥቻለሁና የአያቴ ስም ይግባልኝ የሚልም አለ። እኛን ያዳነን አንድ ደንብ ነው፦ ከቤተሰቡ ውጪ የሆኑ ሁለት ምስክሮች። ለሁሉም እኩል። ደንቡን ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

ስሞቹን በማዕረግ አትደርድሩ። ፊታውራሪው ከላይ፣ ስንቅ ተሸካሚው ከታች ሲሆን ያንገበግባል። ማዕረጉ ከስሙ ፊት ይጻፍ፤ ተራው ግን በሀ ሁ ይሁን።

ፊደሉን ቤተሰቡ በገዛ እጁ ይጻፍላችሁ። «ኃይሌ» በሀሌታው ሀ ነው በብዙኃኑ ኃ? «ጸጋዬ» በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ? ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የአርበኛ ልጅ የአባቱን ስም በጣቱ እየተከተለ መጥቶ ፀ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ አባቴ አይደለም» አለ። መስመሩን በሙሉ አስፍቀን እንደገና አስቀረጽን።

ለድንጋይ እዚያው አካባቢ የሚወጣውን ጥቁር ድንጋይ መርጠናል፤ የመኪና ኪራይ ይቀንሳል። ፊደሉ ጠለቅ ብሎ ይቀረጽ። በቀለም ብቻ ከተጻፈ ክረምት ያጥበዋል። ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት በደብዳቤ ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይሁን ያሉን ነበሩ፤ ሙስሊም አርበኞችም ስላሉን ትምህርት ቤቱ ፊት አቆምነው። ልጆች በየቀኑ ያነቡታል።

ከታች ቢያንስ አምስት መስመር ባዶ ተዉ። ሚያዝያ 27 ስሞቹን ጮክ ብለን አንብበን ስንጨርስ አንድ አዛውንት ከኋላ ብድግ አሉ። «የአባቴስ?» አሉ። ደብተሬን አወጣሁና አጠገባቸው ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ።