የማር አቀማመጥና የማር ድፎ አገጋገር

በጣና ዙሪያ ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። የዓመት ማር የሚገዛ ሰው ያኔ ይግዛ። ሲገዛ ከቀለሙ በፊት የውሃው መጠን ያሳስበው፤ ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ ካለፈ ይቦካል።

እቤት መፈተን ይቻላል። ጠርሙስ ውስጥ ልክ 1 ሊትር ውሃ አድርጉና ከፍታውን ምልክት አድርጉበት። ደፍታችሁ በደንብ ካደረቃችሁት በኋላ ባዶውን መዝኑት፤ የተጣራ ማር እስከ ምልክቱ ሞልታችሁ እንደገና መዝኑ። የማሩ ክብደት ብቻውን ከ1 ኪሎ ከ400 ግራም ካነሰ ውሃው በዝቷል። አረፋና ሰፈፍ ሚዛኑን ስለሚያሳስት ማሩ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፤ የተንሳፈፈውን ግፈፉለት። ከነሰፈፉና ከነእጩ ያለ ማር ለጠጅ እንጂ ለማቆየት አይሆንም።

ዕቃው ክዳኑ የሚገጥም ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። ማር አሲድ አለው፤ ቆርቆሮ ውስጥ ከቆየ ብረት ብረት ይላል። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ሽታው አይለቅም። የባሕር ዳር ክረምት እርጥብ ነው፣ ማር ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ከሰኔ በፊት በትንንሽ ዕቃ አከፋፍሉትና አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቱ። እርጥብ ማንኪያ በፍጹም አይግባበት።

ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ማር ይረጋል። ብዙ ሰው ያን አይቶ ሻጩን ስኳር ቀላቀለ ብሎ ይጠረጥራል፤ መርጋት ግን የማር ጠባይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያረጋው 14 ዲግሪ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ነው። ለማቅለጥ፣ ዕቃውን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ (40 ዲግሪ ገደማ) ውስጥ አቁሙትና ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡ። እሳት ላይ የተጣደ ማር ይጠቁራል፣ መዓዛውም ይጠፋል። ታችው ረግቶ ላይው ከቀጠነ አትተዉት፤ የላይኛው ውሃ ስለሚበዛበት ቀድሞ የሚቦካው እሱ ነው። ሁሉንም አቅልጣችሁ አማስሉት። ክዳኑ ሲከፈት ትፍ ካለና ከኮመጠጠ ግን ለጠጅ አውሉት።

ዳቦ ላይም ሒሳቡ የውሃ ነው። ኬክ ስትጋግሩ በ1 ኩባያ ስኳር ፋንታ ሦስት አራተኛ ኩባያ ማር ይበቃል፤ ከወተቱ ወይም ከውሃው 3 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ የኦቨኑን ሙቀት በ15 ዲግሪ አውርዱ። ማር ከስኳር ቀድሞ ይጠቁራል።

ለማር ድፎ፦ 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 120 ግራም ማር (6 የሾርባ ማንኪያ)፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 550 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ማሩን በውሃው አሟሙት፤ ሳይሟሟ የቀረው ሊጡ ውስጥ ነጥብ ነጥብ እየሆነ ያርራል። ሊጡ እጅ ላይ ሲጣበቅ ዱቄት መጨመር ያሰኛል፤ ዳቦውን የሚያደርቀው ይኸው ነው። 20 ደቂቃ አሳርፋችሁ እንደገና አሹት፣ ይሰበሰባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ሊጥ ቶሎ ይነሣል፤ ሰዓቱን ትታችሁ እጥፍ መሆኑን ተመልከቱ።

ምጣዱ ላይ ኮባ ከሥር ድርብ አንጥፉ፣ ከላይም አልብሱ፣ እሳቱ መጠነኛ ይሁን። 25 ደቂቃ ሲሞላው ገልብጡና 20 ደቂቃ ጨምሩለት። በኦቨን ከሆነ በ175 ዲግሪ 50 ደቂቃ ነው። መሐሉን በስንደዶ ወጉት፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሳይቀዘቅዝ ከተቆረሰ መሐሉ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማሩም ዳቦውም አይሰጥ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም (ከባድ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ዘር በዳቦ ሙቀት አይሞትም።